የዋልያስ የመጀመሪያ አልበም፦ ዘግይቶ የመጣ እርማት

ከዐሥር ዓመት ግድም በፊት በዚሁ የመገናኛ መጽሐፋችን ላይ፣ በተማሪነታችን ዘመን ስለሰማነው ሙዚቃ አንድ ገጽ ተኩል የምትሆን ጽሑፍ አውጥቼ ነበር። እዚያ ውስጥ «ዋልያስ ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን፣ ‹ቼ በለው›ን፣ እ.ኤ.አ. በ1977 አሳተመ» የምትል ዓረፍተ ነገር አለች። መጽሐፉ በመደርደሪያው ላይ ያለ ሰው ያችን መስመር በእርሳስ ይሰርዝልኝ። ስህተት ናት። ያኔ ስለ ባንዱ የሚጽፈው ሰው ብዙው እንደዚያው ይል ስለነበር ጥፋቱን ለብቻዬ አልወስድም። እኔን ከሌላው የሚለየኝ ግን፣ እውነቱን ገና በ1970 ዓ.ም. በጆሮዬ ሰምቼ የነገረኝን ሰው ውሸታም ማለቴ ነው።

ከዚህ በታች የማነሳቸው ሙዚቀኞች ሁሉ ታላላቆቼ ናቸው፤ ጋሽ እያልኩ በአንቱታ መጻፍ ይገባኝ ነበር። ግን ያኔ ከሸክላ ሽፋን ላይ በስማቸው ነው ያወቅናቸው። በዚያው ልቀጥል፣ ይቅር ይሉኛል።

ሸክላውን የገዛነው ሦስት ሆነን ነው። አንደኛው የጂኦሎጂ ተማሪ ነበር፤ ስሙን መጥራት ስለማልፈልግ «ጂኦሎጂው» እለዋለሁ፣ ያኔም እንደዚያ ነበር የምንጠራው። ሁለተኛው የኢኮኖሚክስ ተማሪ፣ ዛሬ በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር። ሦስተኛው እኔ። አዲስ ዓመት አልፎ ጥቅምት ሲገባ፣ ፒያሳ ከሚገኝ አንድ ሙዚቃ ቤት ፊት ቆመን ከበራፉ በላይ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ አንድ ነገር ሰማን። ዘፋኝ የለውም። እንጠብቃለን፤ አሁን ይገባል፣ አሁን ይገባል እያልን። ዘፈኑ አለቀ፣ ዘፋኙ አልገባም። ኢኮኖሚስቱ «ይኼ ሰውዬ ዘፋኙን የት ጣለው?» ብሎ ባለሱቁን ጠየቀው። ባለሱቁ ሳቀና ሽፋኑን አወጣልን። ያለንን ሳንቲም ስናዋጣ ሞላ፤ የሳምንት የምሳ ማሟያችን ግን ሄደ።

ዶርም ውስጥ ሸክላ ማጫወቻ የሚባል ነገር የለም። የኢኮኖሚስቱ አክስት ገዳም ሰፈር ነበሩ፤ ሳሎናቸው ውስጥ በጥልፍ ጨርቅ የተሸፈነ ማጫወቻ አለ። ሰዓት እላፊ ስላለ እዚያ የሄደ ሰው አድሮ ነው የሚመለሰው። ያን ማታ ድምፁን ዝቅ አድርገን፣ መስኮቱን ዘግተን ከዳር እስከ ዳር ሰማነው። «ሙዚቃዊ ስልት» ላይ ስንደርስ ጂኦሎጂው ሽፋኑን ገለባብጦ አየና «ይኼ እኮ ሁለተኛቸው ነው» አለ። «የመጀመሪያው ካሴት ነው። ዘመቻ እያለን ሰምቼዋለሁ።»

እኔና ኢኮኖሚስቱ ተረባረብንበት። ኢትዮጵያ ውስጥ ዘፋኝ የሌለው ካሴት ማን ያወጣል? ማንስ ይገዛል? ደግሞ ካሴት አልበም ይባላል ወይ? እኔ ያኔም የታሪክ ተማሪ ነበርኩና ትልቅ ሙግት ገጠምኩ፤ ሽፋን የሌለው፣ አሳታሚው ያልተጻፈበት፣ ቀኑ የማይታወቅ ነገር ማስረጃ አይሆንም አልኩት። እሱ ደግሞ በዘመቻ ጣቢያው አንድ ዘማች ቴፕ ነበረው፤ የባትሪው ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ እያሰጡ፣ ያንኑ ካሴት ደጋግመው ይሰሙ ነበር አለ። ኦርጋኑን ያውቀዋል። «ጆሮዬን ልካድ?» አለ። እርሳሱን አወጣና ከሽፋኑ ጀርባ፣ የሦስታችንን ስም ከጻፍንበት ሥር፣ «ቁ. 2» ብሎ ጻፈ።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ዋልያስ ምን ዓይነት ባንድ እንደነበረ ማንሳት ግድ ነው። የአገራችን የዘመናዊ ባንድ ታሪክ ለረጅም ጊዜ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታሪክ ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ባመጧቸው «አርባ ልጆች» በተባሉት ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችና በአሠልጣኛቸው በኬቮርክ ናልባንድያን ይጀምራል፤ ከዚያ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊት፣ የጦር ሠራዊት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ኦርኬስትራዎች ይከተላሉ። ሙዚቀኛው ደሞዝተኛ ነው። ሳክስፎኑን ከንብረት ክፍል ፈርሞ ይረከባል፣ ሲሰናበት ቆጥሮ ያስረክባል። ኃይሉ መርጊያም እ.ኤ.አ. በ1946 ደብረ ብርሃን ተወልዶ፣ አዲስ አበባ አድጎ፣ አኮርዲዮን ራሱን ያስተማረ ልጅ ቢሆንም፣ የጦር ሠራዊቱን የሙዚቃ ክፍል በር ረግጦ ነው የወጣው።

ከዚያ የምሽት ክበቦቹ ዘመን መጣ። እዚህ ደግሞ ንብረት ክፍሉ የክበቡ ባለቤት ነው፤ ኦርጋኑ፣ ከበሮው፣ ማጉያው የእሱ ስለሆነ ሙዚቀኛው ከቤቱ ጋር ተጣልቶ ቢወጣ ባዶ እጁን ነው የሚወጣው። የዋልያስ መሥራቾች በቬነስ ክበብ ሲሠሩ የቆዩ ልጆች ናቸው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የራሳቸውን መሣሪያ ይዘው በራሳቸው ስም ቆሙ። በእኔ ግምት ስለዚህ ባንድ ከሚጻፈው ሁሉ ትልቁ ነገር ይኼ ነው፤ ከኦርጋን ድምፁም ከከበሮ ምቱም በፊት። የራሱ መሣሪያ ያለው ባንድ ከሰዓት በኋላ፣ ማንም ሳያዘው፣ ለማንም ዘፋኝ ሳያጅብ፣ የፈለገውን መሞከር ይችላል። ዘፋኝ የሌለው አልበም ከዚያ ነፃ ሰዓት የወጣ ነው።

አባላቱ ባለፉት ዓመታት ይለዋወጡ እንጂ፣ በዋናው ዘመናቸው ኃይሉ በኦርጋን፣ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ በትራምፔት፣ ማህሙድ አማን በጊታር፣ መላከ ገብሬ በቤዝ፣ ተማረ ሀረጉ በከበሮ፣ ግርማ በየነ ደግሞ በፒያኖ ነበሩ። ግርማን ብዙዎቻችሁ በዘፋኝነቱ ታውቁታላችሁ፤ በዚያ ዘመን ግን ከድምፁ ይልቅ የሌሎችን ዘፈን በማቀናበር ነበር ሙዚቀኞቹ የሚያከብሩት።

ሂልተን እ.ኤ.አ. በ1969 ሲከፈት ለአዲስ አበባ ሙዚቀኛ አዲስ ዓይነት ሥራ መጣ። ዋልያስ እዚያ ለዓመታት ተቀምጦ ሠራ። የሆቴሉ እንግዳ ግማሹ የውጭ ሰው ነው፤ አማርኛ አይሰማም። እራት እየበላ የሚወራ ሰው ደግሞ በዘፈን ሲጮህበት አይወድም። ስለዚህ ባንዱ ምሽቱን በመሣሪያ ብቻ ይጀምራል፣ ዘፋኞቹ ቆይተው ነው የሚወጡት። ሌላ ከተማ ቢሆን ይኼ የእራት ሙዚቃ ተብሎ ይረሳ ነበር። እነዚህ ግን የእራቱን ሰዓት መማሪያ አደረጉት። ኃይሉ እንደ ጂሚ ስሚዝ ያሉትን የአሜሪካ ጃዝ ኦርጋን ተጫዋቾች ሰምቷል፤ አስመራ ቃኘው ጣቢያ የነበረው የአሜሪካኖች ሬዲዮና ሰላም ጓዶች ይዘዋቸው የመጡ ሸክላዎች ያን ትውልድ ሶልና ፈንክ አስተምረውታል። በእጁ ያሉት ቅኝቶች ግን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። እራት በሚበላው ፈረንጅና ዜማውን ከእናቱ በሰማው ኢትዮጵያዊ መካከል ቆሞ ሁለቱንም ማስደሰት ነበረበት።

አሁን ወደ ክርክራችን ልመለስ። ጂኦሎጂው የሰማው ካሴት በእርግጥ ነበረ። ስሙ «ትዝታ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ወጣ። ዋልያሶች በሂልተን ቆይታቸው፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ቀዱት። ዘፋኝ የለበትም። «ትዝታ»፣ «ነፋስ ነው ዘመዴ»፣ «ጉምጉም» የመሳሰሉ ሰው የሚያውቃቸው ዜማዎች በኦርጋንና በነፋስ መሣሪያ እየተዘመሩ ያልፋሉ። 1975 ማለት በእኛ አቆጣጠር 1967 መጨረሻና 1968 መጀመሪያ ነው። የእድገት በሕብረት ዘመቻ በታኅሣሥ 1967 ተጀምሮ ከስድሳ ሺህ የማያንሱ ተማሪዎችና መምህራን ገጠር በተበተኑበት ጊዜ፣ ካሴት በኪስ የሚሄድ ብቸኛው ሙዚቃ ነበር። ሸክላ ወደ ገጠር አይሄድም፤ ይሰበራል፣ መብራት ይፈልጋል። ስለዚህ ካሴቱ በአንድ ዘማች ሻንጣ ውስጥ ከሂልተን ተነሥቶ መንገድ ወደሌለበት ወረዳ መድረሱ የሚገርም አልነበረም። ገርሞን የነበረው እኔና ኢኮኖሚስቱ ዘመቻን በሌላ ጣቢያ ስላሳለፍን፣ እኛ ጋ ቴፕ ያለው ልጅ ስላልነበረ ብቻ ነው።

በሸክላና በካሴት መካከል ያለውን ልዩነት ላብራራ፣ ከዚያ ትውልድ ላልሆኑት። አገር ውስጥ ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ አልነበረም። ቅጂው ወደ ውጭ ተልኮ፣ እዚያ ታትሞ፣ በጉምሩክ ነው የሚገባው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የግል የሸክላ ኩባንያውን ሲጀምር ሸክላ የማሳተም መብቱ በንጉሡ ድንጋጌ የሀገር ፍቅር ማኅበር ነበር፤ ሰውዬው ደፍሮ ገባበት። በ1975 አገር ለቅቆ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ገበያው በዋናነት ለአሊ አብደላ ከይፋ፣ ሁላችሁም በምታውቁት ቅጽል ስሙ ለአሊ ታንጎ ቀረ። «ቼ በለው»ም በከይፋ ምልክት ነው የወጣው። ካሴቱ ግን እዚሁ ይባዛል፤ ማንም ባለቴፕ ያባዛዋል። ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ ሸክላ የሚባለው ነገር ጨርሶ ቆመና ሁሉም ካሴት ሆነ። እኛ አዋጥተን የገዛነው እንግዲህ የመጀመሪያው ሳይሆን ከመጨረሻዎቹ የሚመደብ ነበር።

የታሪክ ሰው የሆነው እኔ ያኔ የተሳሳትኩት ምኑ ላይ እንደሆነ አሁን ይታየኛል። ሽፋን ያለውን ነገር ከሌለው አስበለጥኩ። ሸክላ በዓለም ሰብሳቢዎች እጅ ገብቶ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ዝርዝር ውስጥ ተመዝግቦ ይቆያል፤ ካሴት ይበላል፣ ይጠመጠማል፣ በላዩ ላይ የሠርግ ንግግር ይቀዳበታል። ከዚያ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ ዝርዝሩን የሚያነብ ሰው የተረፈውን ያያል እንጂ የወጣውን ሁሉ አያይም። በታሪክ ትምህርት ክፍል ያላችሁ ባልደረቦቼ ይኼን ለተማሪ በሌላ ምሳሌ እንደምታስተምሩት አውቃለሁ። እኔም አስተምሬዋለሁ፤ ለዓመታት፣ ያንኑ ሸክላ ቤቴ አስቀምጬ።

ስለ ሙዚቃው ራሱ ጥቂት ልበል። «ቼ በለው» ዐሥር ያህል ዜማዎች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ «ሎሚ ተራ ተራ»ን፣ «እባክሽ ታረቂኝ»ን የመሳሰሉት ከነግጥማቸው ሰው አፍ ላይ የነበሩ ናቸው፤ «እቲ ጓል ብሌናይ» ደግሞ የትግርኛ ነው። ቫይብራፎኑን የመታው ሙላቱ አስታጥቄ ነው። ሙላቱ ለንደን ትሪኒቲ፣ ቀጥሎም ቦስተን በርክሊ ተምሮ፣ ኒው ዮርክ ሸክላ አሳትሞ የመጣ፣ «ኢትዮ ጃዝ» የሚለውን ስም ይዞ የቆየ ሰው ነው። ዝናው ትልቅ ስለሆነ አንዳንድ የውጭ ጸሐፊ አልበሙን የእሱ ሊያስመስለው ይቃጣዋል። አይደለም፤ ሙላቱ እንግዳ ነበር፣ ቤቱ የዋልያሶች ነው። ያ የብረት ጠብታ የመሰለ የቫይብራፎን ድምፅ በጡሩምባዎቹ መካከል ሲገባ ግን እውነትም ቤቱን ያደምቀዋል።

«ሙዚቃዊ ስልት»ን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ይኼን ጽሑፍ አቁሞ ይስማውና ይመለስ። ቤዙ አንድ ነገር ይዞ አይለቅም። የነፋስ መሣሪያዎቹ አጭር ቃል ተናግረው ዝም ይላሉ፤ ኦርጋኑ ይመልስላቸዋል። ዜማው ወደ ፊት የሚሄድ ይመስላል፣ ግን ዞሮ እዚያው ነው፤ እስክስታ የሚመታ ሰው ከወገቡ በታች ቆሞ ከትከሻው ብቻ እንደሚጓዘው ዓይነት። አሜሪካ ያሉ ወጣቶች፣ ዳክታሪስ የሚባሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ደግመው ተጫውተውታል። ከዚያም ወዲህ ብዙ የውጭ ባንድ ሞክሮታል፤ ብዙዎቹ ያፋጥኑታል። ለምን እንደሚያፋጥኑት አይገባኝም።

የእኛ ትውልድ ሮክና ጃዝ አዋቂዎች «ታዲያ ይኼ ፕሮግረሲቭ ሮክ ነው ወይስ ጃዝ ፊውዥን?» እያሉ ይከራከራሉ። እንግሊዝ አገር ኪንግ ክሪምሰን የመጀመሪያ አልበሙን በ1969 አወጣ፤ ማይልስ ዴቪስ «ቢችስ ብሩ»ን በ1970፤ የጆን ማክላክሊን ማሃቪሽኑ ኦርኬስትራ በ1971 ተከተለ። ሁሉም በዚያው ሰሞን ኤሌክትሪክ ጊታርንና ኦርጋንን ከጃዝ ጋር እያጋቡ ነበር። ዋልያስን ከእነዚህ ተርታ የሚያስቀምጡት ሰዎች ተሳስተዋል አልልም፤ የመሣሪያው ዓይነት፣ የጊዜው መንፈስ አንድ ነው። ልዩነቱ ግን እነዚያ ሰውን ከጭፈራ አስወጥተው ወንበር ላይ ሊያስቀምጡት ነው የደከሙት። ረጅም፣ ጠመዝማዛ፣ ቆጥረህ የማትደርስበት ምት። ዋልያስ በተቃራኒው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚበላውን ሰው ቀስ ብሎ ለማስነሣት ነበር የሚሠራው። ዜማዎቹም አጫጭር ናቸው። እኔ እንደሚመስለኝ ፊውዥን የሚለው ስም ይስማማቸዋል፣ ፕሮግረሲቭ የሚለው ይሰፋቸዋል። (ኢኮኖሚስቱ በዚህ አይስማማም፤ እሱ ያልተስማማበትን ሁሉ ብጽፍ ደግሞ መጽሐፉ አይበቃንም።)

አንድ ሌላ ወሬ አለ፤ እሱንም ላንሳው። ቃል አልባ ሙዚቃ የወጣው ቃል ስለተፈራ ነው፣ ሳንሱሩን ለማምለጥ ነው ይባላል። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ የውጭ ሰዎች ይወዱታል። ዘመኑን ስታዩት ደግሞ ያሳምናል። ሚያዝያ 1969 ላይ በአብዮት አደባባይ በደም የተሞላ ጠርሙስ ተሰብሯል፤ ሐምሌ ላይ የሶማሊያ ጦር ገብቷል፤ ሌሊት የተኩስ ድምፅ የሰማ ሰው ጠዋት መንገድ ላይ ምን እንደሚያይ ያውቃል። ነገር ግን «ትዝታ» በ1975 የወጣው ቀይ ሽብር ከመጀመሩ በፊት ነው። ዘፋኝ የሌለው ሥራ ከሂልተን የእራት ሰዓትና ከባንዱ የራስ መሣሪያ እንደመጣ ቀድሜ ተናግሬአለሁ። እኔ የማምነው ሌላውን ነው፤ አንዴ ከወጣ በኋላ እኛ ሰሚዎቹ ምን አደረግንበት የሚለውን። ዜማውን ስለምናውቀው ግጥሙን ማንም አልነጠቀንም፤ እያንዳንዳችን በሆዳችን እንዘፍነው ነበር። ቅኔ የለመደ ሕዝብ ቃል ሲያጣ ራሱ ይሞላል። ያን ማታ ገዳም ሰፈር አክስትየው ከጓዳ ወጥተው «ሎሚ ተራ ተራ» ላይ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ድምፅ አላወጡም። ልጃቸው ከወጣ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር።

የአልበሙ ስምም ለጆሯችን እንግዳ ነገር ነበረው። ቼ በለው፣ ፈረሱን ጋልብ ማለት ነው። ሚሊሺያው በእናት አገር ጥሪ እየተጫነ ወደ ምሥራቅ በሚሄድበት ወራት ማለት ነው። ባንዱ ያን አስቦ አወጣው አልልም፤ ስሙ የዘፈኑ ስም ነው። በሚቀጥለው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር ሌላ ቃል አልባ ካሴት ሲያወጣ ደግሞ «ወደ ሐረር ጉዞ» ተባለ። እንግዲህ ምን ልበላችሁ።

ከክበቦቹ የሰዓት እላፊ ሌሊቶች ኃይሉ ራሱ ያወራል፤ ከሰዓት በፊት የገባ እንግዳ መውጣት ስለማይችል ባንዱ እስኪነጋ ይጫወታል። እኛ ተማሪዎች ሂልተን የምንገባበት አቅም አልነበረንም። ግን ያ አድሮ የመውጣት ነገር በየቤቱ ያለ ስለነበር የእነሱን ሌሊት በእኛ ልክ እናውቀዋለን።

ዋልያሶች እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ለዝግጅት ሄዱ። አዳራሹን የሞሉት በአብዛኛው አገር ለቀው የወጡ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ሲመለሱ ሁሉም አልተመለሱም፤ ኃይሉ፣ ግርማ፣ ሞገስ እዚያው ከቀሩት ናቸው። ኃይሉ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን መልሶ አንሥቶ፣ ከኤሌክትሪክ ኪቦርዶች ጋር ብቻውን አንድ ካሴት ቀዳና ወደ አዲስ አበባ ላከ፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ታክሲ ነዳ። በዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ከመኪናው ሻንጣ ኪቦርዱን አውጥቶ ኋላ ወንበር ላይ ይለማመድ እንደነበር ዛሬ ዓለም ያወቀው ነው። የ1985ቱን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ፣ ብራያን ሺምኮቪትዝ፣ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው። በዓመቱ «ቼ በለው» ተከተለ፤ ከዚያ በ2016 «ወደ ሐረር ጉዞ»። ኃይሉ ወደ ሰባ ዓመት ተጠግቶ ወደ መድረክ ተመለሰ፣ በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። ግርማም አዲስ አበባ ተመልሶ፣ አካሌ ውቤ ከተባሉ የፈረንሳይ ልጆች ጋር በ2017 አልበም ሠራ። የድሮው «ቼ በለው» ሸክላ በሰብሳቢዎች ገበያ በሺህ በሚቆጠር ዶላር ይሸጥ ጀመር። ይኼን የሰማ ቀን ኢኮኖሚስቱ ከሜሪላንድ ደውሎ «ድርሻዬን ላክ» አለኝ። ሲሶው የእሱ ነው፣ አልካድኩም። ሲሶው ደግሞ የጂኦሎጂው ነው።

ጂኦሎጂው ሸክላውን በገዛን በሁለተኛው ወር፣ ኅዳር 1970፣ አንድ ማታ ራት ሳይበላ ወጣ። አልተመለሰም። ከእኛ ክፍል በዚያ ዓመት ያልተመለሰው እሱ ብቻ እንዳልሆነ ይኼን መጽሐፍ የምታነቡ ሁሉ ታውቃላችሁ፤ የስማቸው ዝርዝር በዚሁ እትም ፊተኛ ገጾች ላይ አለ። የእሱም አለ። እናቱ ክፍለ ሀገር ነበሩ፤ ዕቃውን ሊወስዱ መጡ፤ መጻሕፍቱንና ካፖርቱን ሰጠናቸው። ሸክላውን ግን አላነሣንላቸውም። ልጃቸው ሙዚቃ ላይ ገንዘብ ያባክን እንደነበር እንዳያስቡ ነው ብለን ተማመንን። እውነቱን ለመናገር እኔ ሸክላውን ስለፈለግሁት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 «ትዝታ» እንደገና ታተመ። ኢኮኖሚስቱ ሌሊት ነው የደወለልኝ፤ እዚያ ገና አመሻሽ ነበር። ሰላምታ እንኳን ሳይሰጠኝ «ስማ» አለና ስልኩን ወደ ማጫወቻው አስጠጋ። ኦርጋኑን ወዲያው አወቅሁት። ቀስ ያለ፣ ያልቸኮለ፣ ሸክላው ላይ ካለው ይልቅ ሰፊ ቦታ ያለው አጨዋወት ነው። አሁን ሁለቱንም ደጋግሜ ሰምቼ ብትጠይቁኝ፣ «ቼ በለው» ይበልጥ ያብረቀርቃል፤ የምወደው ግን «ትዝታ»ን ነው። ስሙ ስለሆነ አይደለም። እዚያ ውስጥ ባንዱ ገና ለማንም የሚያሳየው ነገር የለውም። ስልኩ ላይ ሁለታችንም እስኪያልቅ ዝም አልን። ከዚያ ኢኮኖሚስቱ «ዓመቱን አየኸው?» አለኝ። «ሰባ አምስት ይላል።»

በማግሥቱ ሸክላውን ከመደርደሪያ አወረድኩት። ከሽፋኑ ጀርባ የሦስታችን ስም በእስክሪፕቶ አለ። ከሥሩ የነበረችውን «ቁ. 2»ን ያኔ፣ ክርክሩ በተደረገ በማግሥቱ፣ እሱ ክፍል ሲሄድ በላጲስ አጥፍቻት ነበር። ሽፋን አይቆሸሽም ብዬ ነው፤ እንደዚያ ብዬው ነበር ለራሴም። ላጲሱ ግን ወረቀቱን አሻከረው እንጂ እርሳሱ የጫነውን አላወጣውም። መስኮት አጠገብ አዘንብለው ሲያዩት ይነበባል።

በዘንድሮው ስብሰባችን ሸክላውን ይዤ እመጣለሁ። ማየት የሚፈልግ ከምዝገባው ጠረጴዛ አጠገብ ይፈልገኝ። ኢኮኖሚስቱም እመጣለሁ ብሏል፤ የቲኬቱን ነገር እናያለን። ከ1967 እስከ 1968 በዘመቻ ጣቢያ፣ በባትሪ ቴፕ ያን ካሴት ይዞ የነበረው ዘማች ማን እንደሆነ የሚያውቅ፣ ወይም ራሱ የሆነ ሰው ከመካከላችሁ ካለ ይንገረኝ። ጂኦሎጂው ጣቢያው ወንዝ ዳር ነው፣ ከበስተጀርባው ጥቁር ድንጋይ ያለበት ኮረብታ አለ ይል ነበር። ድንጋዩ ባዛልት ነው ብሎ ያንንም ደጋግሞ ነግሮናል።